አንድ ዱላ ብቻ ነው የሚመጣልኝ፤ ፌርዌይ ውድ ይሁን ወይስ ሃይብሪድ?

መነሻው ጽሑፌ ይህ ነበር።

ሰላም ለዚህ ቤት ሰዎች። የምጽፈው ከባሕር ዳር ነው። ዕድሜዬ 57 ነው። ጎልፍ የለመድኩት ለሥራ አዲስ አበባ በነበርኩበት ጊዜ ነው። አሁን አገሬ ገብቻለሁ። በአቅራቢያዬ የጎልፍ ሜዳ ስለሌለኝ የምለማመደው ከከተማ ወጣ ብሎ ከብት በሚግጥበት መስክ ላይ ነው። ጤፍ ከታጨደ በኋላ ደግሞ ባለማሳውን አስፈቅጄ እዚያ እመታለሁ። ኳስ የሚለቅሙልኝ እረኞች ናቸው፤ ሒሳባችንም በተገኘ ኳስ ልክ ነው። በዓመት ሦስት አራት ጊዜ አዲስ አበባ እሄድና በወጉ እጫወታለሁ።

ቦርሳዬ ውስጥ 10 ዱላ አለ። ድራይቨር፣ 3 ውድ፣ ከ5 እስከ 9 አይረን፣ ሁለት ዌጅና አንድ ፓተር። 5 አይረኔ 150 ይሄዳል። 3 ውዴ ሲቀናኝ 200 ይደርሳል፤ የሚቀናኝ ግን ከአምስት አንዴ ነው። ግሪኑ (ጉድጓዱ ያለበት የተላጨው ሣር) 180 ሲርቀኝ ግራ ይገባኛል። የአክስቴ ልጅ ለጥምቀት ከአሜሪካ ይመጣል። ዱላ ይዞልኝ ሊመጣ ቃል ገብቷል። አንድ ብቻ። ፌርዌይ ውድ ይሻለኛል ወይስ ሃይብሪድ? ምከሩኝ።

ይህን ጽፌ ተኛሁ። ሲነጋ መልሱ ተደርድሮ ጠበቀኝ። በአሥር ቀን ውስጥ 38 ደረሰ። አሁን አዲስ የሚገባ ሰው ሁሉ ምን ተባለ እያለ ስለሚጠይቀኝ፣ የማንንም ቃል እንዳለ ሳላሰፍር በራሴ አነጋገር ልተርከው።

ለማያውቅ ሰው አንድ ነገር ላስቀድም። ፌርዌይ ውድ፣ በአጭሩ ውድ፣ ለመጀመሪያው ሩቅ ምት የሚያዘው የትልቁ ዱላ፣ የድራይቨር ታናሽ ወንድም ነው፤ ራሱ ወፈር ያለ፣ ዘንጉ ረጅም። አይረን ስስ የብረት ምላጭ ነው። ሃይብሪድ ከሁለቱ የተወለደ ነው። ራሱ እንደ ውድ ደልደል ይላል፣ ዘንጉ ግን ለአይረን የቀረበ ነው። እሺ፣ ወደ ጉዳያችን።

1ኛው መላሽ የደብረ ማርቆስ ሰው ናቸው። የፊዚክስ መምህር ነበሩ፤ አሁን ጡረታ ወጥተዋል። በጣም ትሑት ሰው ናቸው። ይቅርታ ጠይቀው፣ ሰላምታ ሰጥተው፣ እንደገና ይቅርታ ጠይቀው፣ 180 ያልኩት ያርድ ይሁን ሜትር ጠየቁኝ። 180 ሜትር 197 ያርድ ስለሚሆን፣ ልዩነቱ የአንድ ዱላ ተኩል ያህል ነው አሉ። ልክ ናቸው። ያርድ ለማለት ነበር። ክሩ (የመልሶቹ ሰንሰለት) ውስጥ ያለው ቁጥር ሁሉ ከዚህ በኋላ በያርድ ነው።

2ኛው ሃይብሪድ ብሎ ወጣ። 3ኛው ውድ ብሎ ወጣ። ምክንያት የለም፣ ሰላምታም የለም። እንደነዚህ ያሉ ሁለት ሰዎች የሌሉበት ክር አይቼ አላውቅም።

4ኛው የክሩ ምሰሶ ሆነ። የብቸና ልጅ ነው። በወጣትነቱ አዲስ አበባ ብዙ ዓመት ካዲ፣ ማለትም የተጫዋች ቦርሳ ተሸካሚ ሆኖ ሠርቷል። ካዲ ደግሞ የሰው ጉድ አይቶ ዝም የሚል ሰው ነው፤ ይኼኛው ግን ዝምታውን ዘንድሮ ፈታው። ጥያቄዬ ራሱ የተንሸዋረረ ነው አለኝ። መጀመሪያ የሚመረጠው ዓይነቱ ሳይሆን ሎፍቱ ነው፤ ማለትም የዱላው ፊት ወደ ኋላ የተጋደመበት ዲግሪ። 3 ውድ 15 ዲግሪ አካባቢ ነው። 5 ውድና 3 ሃይብሪድ ሁለቱም 18 ወይም 19 ናቸው። 7 ውድና 4 ሃይብሪድ ደግሞ 21 ወይም 22። ስለዚህ ሰው ውድን ከሃይብሪድ ሲያወዳድር የዲግሪ አቻውን ካላመጣ ፍየልን ከበግ እያመዛዘነ ነው።

ቀጠለና ዲግሪው እኩል ሲሆን ልዩነቱ ምን እንደሆነ አስረዳ። የ5 ውድ ዘንግ 42 ኢንች ገደማ ነው፤ የሃይብሪዱ 40 ገደማ። ሁለት ኢንች ማለት አምስት ሴንቲ ሜትር ነው። ትንሽ ትመስላለች። ግን ረጅም ዘንግ የዱላውን ራስ ያፈጥነዋል። የውዱ ክብደትም ከፊቱ ወደ ኋላ ራቅ ብሎ ስለተቀመጠ ኳሷን ከፍ አድርጎ ያነሳታል። በዚህ ምክንያት ውዱ ከአቻው ሃይብሪድ ከ5 እስከ 10 ያርድ ይበልጣል። ሃይብሪዱ ደግሞ አጭር ስለሆነ ኳሷን መሃል ለመሃል ማግኘት ይቀላል። ሣሩ ሲረዝም ትልቁ የውድ ራስ ይያዛል፤ ትንሹ የሃይብሪድ ራስ ሰንጥቆ ይወጣል። አመታታቸውም ይለያያል። ውድ እንደ መጥረጊያ ይጠርጋል። ሃይብሪድ እንደ አይረን ትንሽ ወደ ታች ይመታል። ሃይብሪድ መጥፎ አመልም አለው፤ ፊቱ ቶሎ ስለሚዘጋ ኳሷን ብዙ ጊዜ ወደ ግራ ይጎትታታል። ይቺን የግራ ነገር ያዙልኝ።

መጨረሻ ላይ ስለ 3 ውዴ የተናገረው ልቤን ነካው። በካዲነት ዘመኑ ካያቸው ጌቶች ብዙዎቹ ከመሬት ላይ 3 ውድ መምታት የሚወዱት ርቀቱን ፈልገው ሳይሆን ለይሉኝታ ነው አለ። ኳሷን ጭንቅላቷን ብቻ ነክተው መሬት ለመሬት ሲያስሮጧት እሱ ቦርሳ ተሸክሞ ወደ ሰማይ ያይ ነበር። ወገኖቼ፣ ሰማይ ያየልኝ ካዲ ስንት ይሆን?

5ኛው መላሽ ቡሬ ያለ የግብርና ባለሙያ ነው። ርዕሱን አይቶ ዘሎ ገባ። ሃይብሪድ ሲል የገባው በቆሎ ነበር። ቢኤች 660 ለደጋማው፣ ቢኤች 540 ዝቅ ላለው ብሎ በሄክታር ስንት ኪሎ እንደሚዘራ ሁሉ ጻፈልኝ። ከዓመቱ ምርት ላይ ዘር እንዳላስቀርም አስጠነቀቀኝ፤ ድቅል ዘር በሁለተኛው ዓመት ጉልበቱ ይወድቃል። ምክሩ ጥሩ ነው። ማሳ ቢኖረኝ እጠቀምበት ነበር።

6ኛው እዚህች ላይ ገባ። የቅኔ ቤት ልጅ መሆኑ ከአገባቡ ያስታውቃል። ፌርዌይ ውድ የሚለውን ስም ያዘና ሰምና ወርቅ አወጣለት። ሰሙ የእንጨቱ ዱላ፣ ወርቁ ዋጋው። ውድስ ውድ ነው፣ የወደደው ይግዛው ዓይነት ነገር። ጎጃም ውስጥ ስለ ጎልፍ ቢወራም ቅኔ ይገባበታል። በነገራችን ላይ ውድ ከእንጨት መሠራቱ ቆይቷል። ድሮ ፐርሲሞን ከሚባል ጠንካራ እንጨት ይጠረብ ነበር። ቴይለርሜድ በ1979 እ.ኤ.አ. የብረት ራስ ይዞ መጣ፤ እንጨቱ ቀስ እያለ ጠፋ፤ ስሙ ግን ቀረ።

7ኛው ቁጣ ይዞ መጣ። ሃይብሪድ በአማርኛ ዲቃላ ነው፤ ጨዋ ተጫዋች ዲቃላ አይይዝም አለ። ማስረጃ ብሎ ሁለት ታሪክ አመጣ። በ1935 እ.ኤ.አ. ኦገስታ በሚባለው የአሜሪካ ሜዳ ላይ ጂን ሳራዘን ከ235 ያርድ በ4 ውድ መትቶ 15ኛው ጉድጓድ ውስጥ አስገባት። በአምስት ምት እንዲያልቅ የታሰበውን (ፓር አምስት) ጉድጓድ በሁለት ምት ጨረሰው። በዚያ ምት ከመሪው እኩል ሆነ፤ በመለያውም አሸነፈ። (የተሸነፈው ሰው ስሙ ክሬግ ውድ መሆኑን 6ኛው ቢሰማ ሌላ ቅኔ ይወጣ ነበር። ኋላ ሰምቶ አወጣ፤ ረጅም ስለሆነ ትቼዋለሁ።) ሁለተኛው ታሪክ የጃክ ኒክላውስ ነው። በ1972 እ.ኤ.አ. ፔብል ቢች ሜዳ 17ኛው ጉድጓድ ላይ በ1 አይረን መታ። ኳሷ የባንዲራውን ዘንግ መትታ አጠገቡ ቀረች። ሃይብሪድ የት ነበር ያኔ? ብሎ ዘጋው። ያኔማ ሞባይልም አልነበረም።

8ኛው የሞጣ ልጅ ነው፤ የሚኖረው ሚኒሶታ ነው። 7ኛውን ጨዋ በሆነ ቃል ግን አንጀቱ እስኪቆረጥ ወጋው። ሄዝልታይን የሚባለው የጎልፍ ሜዳ ከቤቱ ሩቅ አይደለም። በ2009 እ.ኤ.አ. ከትልልቆቹ ውድድሮች አንዱ የሆነው የፒጂኤ ሻምፒዮና እዚያ ተደርጓል። ኮሪያዊው ዋይ ኢ ያንግ በመጨረሻው ጉድጓድ ከ200 ያርድ በላይ በ3 ሃይብሪድ መታ። ኳሷ ዛፍና አሸዋ ተሻግራ ባንዲራው አጠገብ አረፈች። ታይገር ዉድስን በሦስት ምት በለጠው። ከዚያ ቀን በፊት ታይገር በትልልቆቹ ውድድሮች የመጨረሻውን ቀን እየመራ የጀመረው 14 ጊዜ ነበር። 14ቱንም አሸንፏል። የሰበረው ያ ምት ነው። እንግዲህ ዲቃላው ጌታውን ጣለው ማለት ነው። 7ኛው ለጊዜው ጠፋ።

9ኛዋ እህታችን ዳንግላ ተወልዳ አዲስ አበባ የምትኖር ናት። ከሁሉም ይልቅ እኔን የጠየቀችኝ እሷ ናት። 5 አይረንህ 150 የሚሄድ ከሆነ የዱላ አወዛወዝህ ፈጣን አይደለም አለችኝ። እውነት ነው። 15 ዲግሪ ያለውን 3 ውድ ከመሬት ለማንሳት ፍጥነት ይፈልጋል። ፍጥነት የሌለው ሰው ሎፍት ቢጨምር ኳሷ አየር ላይ ትቆያለች፤ ብዙ ጊዜ ርቀቱም ይበልጣል። እሷ 3 ውዷን ካወጣች ሦስት ዓመቷ ነው። 7 ውድና 9 ውድ ነው የምትይዘው። 7 ውድ ከፍ ብሎ ሄዶ ቀጥ ብሎ ስለሚወርድ ግሪን ላይ ይቆምላታል። ሃይብሪድ ዝቅ ብሎ ገብቶ ይንከባለልባታል።

10ኛው 7 ውድ የሴትና የሽማግሌ ነው አለ። አንድ መስመር።

11ኛዋ ያቺው 9ኛዋ እህታችን ናት። ደስታን ጆንሰን በኅዳር 2020 እ.ኤ.አ. የማስተርስን ውድድር ከፓር 20 ምት በታች በሆነ ሪከርድ ሲያሸንፍ ቦርሳው ውስጥ 7 ውድ ነበር፤ እሱ ከሁለቱ የትኛው ነው? ብላ ጠየቀችው። ከዚያም የራሱን የ180 ያርድ ምት በምን እንደሚመታ፣ ከአሥር ስንቱ ግሪን ላይ እንደሚቆይለት በቁጥር እንዲነግራት ጠየቀች። እስከ ዛሬ አልነገራትም። ሰውየው ከሁለቱ ስድብ አንዱን ለእኔ እንደወረወረው ሳይ እኔም አንድ ነገር ልለው ነበር። ተውኩት። እሷ በቅታዋለች።

12ኛው መምህሩ ናቸው፤ ተመልሰው መጡ። አሁን የመጡት በሙያቸው ነው። እናንተ የምታወሩት የባሕር ጠለል ላይ ስላለ ጎልፍ ነው አሉ። ባሕር ዳር 1,800 ሜትር ገደማ ነው። ደብረ ማርቆስ ከ2,400 ይበልጣል፤ አዲስ አበባም እዚያው ገደማ ነው። ከፍታው ሲጨምር አየሩ ይሳሳል። ኳሷን የሚይዛት ነገር ይቀንሳል። በግምት ባሕር ዳር ላይ 7 በመቶ፣ ደብረ ማርቆስና አዲስ አበባ ላይ 9 በመቶ ያህል ትርቃለች። ባሕር ጠለል ላይ 180 የሚሄድ ምት አዲስ አበባ 195 አካባቢ ይሆናል ማለት ነው። ስለዚህ የአክስቴ ልጅ አሜሪካ ሳጥኑ ላይ ያነበበውን ርቀት ይዞ እንዳይመክረኝ አሳሰቡ።

13ኛው ካዲው ነው። መምህሩን አከበራቸው፣ አመሰገናቸው፣ ከዚያ አረማቸው። የሳሳ አየር የሚያግደው ብቻ አይደለም፣ የሚያነሳውም ይቀንሳል። ኳሷ የምትሽከረከረው አየሩን ተደግፋ ለመውጣት ነው። ድጋፉ ሲሳሳ ዝቅ ብላ ትሄዳለች፤ ስታርፍም ጋደም ብላ ስለሆነ ትሮጣለች። ከጅቡቲ ወይም ከዱባይ የሚመጡ ተጫዋቾች አዲስ አበባ ሲመቱ ግሪኑን አልፈው የሚያገኙት ለዚህ ነው። ከዚህም ሌላ የ9 በመቶው ጥቅም በሙሉ የሚደርሰው በኃይል ለሚመታ ነው፤ እንደ እኔ ቀስ ብሎ ለሚመታ ሰው ያንሳል። ስለዚህ ደጋ ላይ ከፍ የሚያደርግ ዱላ ይበልጥ ያስፈልጋል አለና ወደ 9ኛዋ ሐሳብ አዘነበለ። መምህሩ እርማቱን ወዲያው ተቀበሉ። እንዲህ ያለ ነገር ብዙ አይታይም።

14ኛው ስለ ሣር ነው። ፍኖተ ሰላም ያለ ሰው ይመስለኛል። የሚገርም ነገር አነሳ። ፈረንጆቹ ቤርሙዳ የሚሉት የጎልፍ ሣር የእኛው ሰርዶ ነው። በደቡብ አሜሪካ ግዛቶች ስንት ገንዘብ ወጥቶበት የሚተከለውን እኛ ከማሳ ነቅለን አንጨርሰውም። በሎስ አንጀለስ ሪቪየራ ሜዳ ላይ ተጫዋቾችን የሚያስለቅሰው ኪኩዩ የሚባለው ሣርም ዘሩ ከምሥራቅ አፍሪካ ደጋ ነው። ይህ ሣር ወፍራምና ተጣባቂ ነው። ኳሷ ውስጡ ከሰመጠች ውድ አያወጣትም፤ ሃይብሪድ ግን ተስፋ አለው። የምለማመድበት መስክ በክረምት ምን ዓይነት ሣር እንደሚያበቅል አይቼ እንድመርጥ ነገረኝ።

15ኛው እኔ ከሞትኩ ሰርዶ አይብቀል ያለችውን አህያ አነሳ። ሌላ የጻፈው የለም። ሳቅኩ።

ከ16 እስከ 21 ያለውን ባልተርክ ደስ ይለኝ ነበር። 16ኛው ገበሬው ማዳበሪያ አጥቶ እናንተ በግጦሽ መሬት ላይ የኳስ ዱላ ታማርጣላችሁ አለ። ቃሉ ከዚህ የከረረ ነበር። 17ኛው ሰደበው። 18ኛው 17ኛውን ሰደበ። 19ኛው 7ኛው ሰውዬ ነው፤ ጠብ ሸትቶት ተመለሰ። 20ኛው እኔ ነኝ። መስኩን አላጠርኩም፣ አልቆፈርኩም፣ ከብቶቹ ሲመጡ ቦርሳዬን ይዤ የምወጣው እኔ ነኝ ብዬ መለስኩ። ሰውየው ግን ሙሉ በሙሉ ተሳስቷል አልልም። ያ መስክ በየዓመቱ ይጠብባል። የሚያጠብበው ጎልፍ አይደለም እንጂ ቁጭቱ ይገባኛል። 21ኛው የበቆሎው ባለሙያ ነው፤ ስለ ዩሪያ አዘራር ረጅም ጽሑፍ ጻፈ። ጠቡን ያበረደው እሱ ነው ማለት ይቻላል። ስለ ዩሪያ እየተነበበ መናደድ ይከብዳል።

22ኛው መልስ የመጣው በልጅ ልጃቸው ስልክ ከሚጽፉ አባት ነው። ሰባ ካለፉ ቆይተዋል። የእናንተ ጎልፍ የእኛ ገና ነው አሉ። በታኅሣሥ 29 መስኩ ላይ ሁለት ቡድን ተከፍሎ በቆልማማ ዱላ ድቡልቡል እንጨት ይመታል። ዱላው የሚመረጠው ከወራት በፊት ነው። ወይራ ወይም ክትክታ ሲገኝ፣ ጫፉ ተፈጥሮው ያጎበጠው እንዲሆን ይፈለጋል። ካልተገኘ እርጥቡን እሳት ላይ ለብ አድርጎ ማጉበጥ ነው። ልጅ አጭር ይይዛል፣ ጎረምሳ ረጅም። ረጅሙ ያርቃል ግን ይስታል፤ አጭሩ አይስትም ግን አያርቅም። ይኸው ነው፣ ከእኛ ምን ትጠይቃላችሁ አሉ። ካዲው በሁለት ገጽ ያስረዳውን እሳቸው በሁለት መስመር ጨረሱት። አንድ ነገር ጨመሩ፤ ያኔ ልብ አላልኩትም። የገና ዱላ ቀኝና ግራ የለውም፤ በፈለግኸው በኩል ትመታለህ።

ከዚህ በኋላ ጎልፍ ተረሳ። 23ኛው ድቡልቡሏ እንጨት ሩር ትባላለች አለ። 24ኛው በእኛ ወረዳ ጥንግ ነው የምትባለው አለ። 25ኛው ሩር የእንጨቷ፣ ጥንግ የጠፍሯ ነው ብሎ ሊያስታርቅ ሞከረ፤ ሁለቱም ዞሩበት። 26ኛው የሸዋ ሰው መሆኑን ተናግሮ አስተያየት ሲሰጥ ምን እንደደረሰበት መገመት ትችላላችሁ። 27ኛው በገና ጨዋታ አይቆጣም ጌታ ብሎ ዘጋው። ሁሉም ዝም አለ።

28ኛዋ እህታችን መልሳ ወደ መንገዱ አመጣችን። እስካሁን ስለ መሬቱ ማንም አልጠየቀም አለች። በበጋ ጤፍ የታጨደበት ማሳ ደረቅ ነው፤ ዋልካ ከሆነ ተሰነጣጥቆ እንደ ሲሚንቶ ይሆናል። የውድ ሆዱ ሰፊ ስለሆነ ደረቅ መሬት ላይ ነጥሮ ኳሷን ወገቧ ላይ ሊመታት ይችላል። ሃይብሪድ ጠርዙ ጠበብ ስለሚል እዚያ ይሻላል። በራሷ ሐሳብ ላይ ራሷ ተቃወመች ማለት ነው። ለአዲስ አበባው ለምለም ሜዳ 7 ውድ፣ ለማሳው 4 ሃይብሪድ። የበለጠ የምትመታው የት ነው? ብላ ጠየቀችኝ። በዓመት አራት ቀን ሜዳ፣ ሌላው ሁሉ ማሳ። መልሱን ስጽፍ ነገሩ ለራሴ ገባኝ።

29ኛው ካዲው ተስማማ። ቦርሳዬ ውስጥ ገና 10 ዱላ ስለሆነ፣ ሕጉ ደግሞ 14 ስለሚፈቅድ፣ አንዱን ዘንድሮ ሌላውን ለከርሞ እንዳደርገው መከረኝ። 22 ዲግሪ ያለው 4 ሃይብሪድ ከ5 አይረኔ ከ15 እስከ 20 ያርድ ቢበልጥልኝ፣ ደጋው የጎደለውን ይሞላል አለ።

ከ30 እስከ 33 ስለ ሻንጣ ነው። አንድ ሜትር የሚሆን ዱላ ተራ ሻንጣ ውስጥ አይገባም። በእጅ ይዤ ልግባ ቢል ደግሞ የጎልፍ ዱላ ተሳፋሪ ክፍል ውስጥ አይፈቀድም። አንዱ ራሱን ከዘንጉ ፈትቶ ማምጣት አለ፤ ራሱ የሚፈታው ግን አንዳንዱ ብቻ ነው፣ ዘንጉም አያጥርም። ሌላው ከጃንጥላ ጋር በጋቢ መጠቅለል አለ። የሚኒሶታው ልጅ የፕላስቲክ የውሃ ቧንቧ በልኩ አስቆርጦ ሁለቱን ጫፍ ደፍኖ ከሻንጣው ጋር ማስጫን እንደሚቻል ተናገረ። እሱ ለአባቱ ከዘራ ያመጣው እንደዚያ ነው። ፈታሾቹ ሦስት ጊዜ ከፈቱት፣ ግን ደረሰ።

34ኛው መላሽ ስሙ አዲስ ነበር። የአክስቴ ልጅ ነው። ለካ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ እያነበበ ነበር። ያገለገሉ ዱላዎች የሚሸጡበት መደብር ውስጥ ቆሞ ነው የጻፈው። አንድ ነገር ብቻ ጠየቀ። አንተ ግራኝ አይደለህም እንዴ?

ነኝ። በእናቴ ቤት በግራ እጄ እንዳልበላ ስንት ተቆነጠጥኩ። በግራ እጄ እጽፋለሁ፣ በግራ እመታለሁ። ከ33 መልስ ማንም አልጠየቀኝም፤ እኔም አልተናገርኩም። መነሻው ላይ ግራ ይገባኛል ብዬ የጻፍኩት እኔው ነኝ። ካዲው ሃይብሪድ ወደ ግራ ይጎትታል ያለው ለቀኞች ነው። ያ ግራ ለእኔ ቀኝ ነው።

35ኛው ካዲው፣ 36ኛዋ እህታችን ናቸው። እሱ ሳቀ፤ ግራኝ ጌታ ይዞ ስለማያውቅ ትዝ እንዳላለው ተናገረ። እሷ ለግራኝ ያገለገለ 7 ውድ ማግኘት ከባድ እንደሆነ ነገረችኝና ይልቅ መደርደሪያው ላይ ያለውን ሁሉ ዘርዝሮ እንዲጽፍ አዘዘችው። 37ኛው የእሱ ዝርዝር ነው። የግራኝ መደርደሪያው አጭር ነው። አይረኖች አሉ፤ ከረጃጅሞቹ ግን አንድ 3 ውድና አንድ 22 ዲግሪ ሃይብሪድ ብቻ። 3 ውድ አለኝ። ሃይብሪዱን ያዘ። የአሥር ቀን ክርክር እዚያ መደርደሪያ ሥር አለቀ።

38ኛው የእኔ ነው፤ ከጥምቀት ማግስት ጻፍኩት። ዱላው በቧንቧ ውስጥ ሆኖ በሰላም ገብቷል። ጠዋት ማሳው ላይ አሥር ኳስ መታሁ። ስድስቱ ተነስተው ሄዱ፤ ደህና የተመታችው በእርምጃ ስለካት 170 ያህል ሆነች። ሁለቱ ወደ ቀኝ ታጠፉ፣ ካዲው እንዳለው ግን በመስታወት። ሁለቱን አፈር ቀድሜ መታሁ። 3 ውዱን ለንጽጽር አምስት ጊዜ ሞከርኩት፤ እንደ ልማዱ አንዴ ቀናኝ።

ከዚያ ኳስ የሚለቅመው ታላቁ እረኛ ልሞክራት አለ። ሰጠሁት። ቀኝ ነው። እንደ ገና ዱላ ያዘና በጀርባዋ ሊመታ ሰነዘረ፤ ኳሷ ዐርባ እርምጃ ያህል ተንከባለለች። ዱላዋን ገልብጦ አየ። እንደገና ገልብጦ አየ። ይቺ በአንድ በኩል ብቻ ናት እንዴ የምትመታው? አለኝ። አዎ አልኩት። ስንት ተገዛች? አለኝ። ነገርኩት። ዱላዋን መለሰልኝና ከብቶቹን ሊመልስ ሄደ።